ለእርሻ ቢሮው የሰጠነው ምስጋና

የእርሻ ቢሮዋ ሴትዮ የደወለች ቀን እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። ያን ቀን ቤት ብሆን ኖሮ መሬቱ ዛሬም በእጃችን ይሆን ነበር ብዬ ብዙ ተብሰልስያለሁ። አሁን ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ስልኩን እኔ ባነሳውም ያንኑ ቃል ሳልደግመው አልቀርም ነበር።

ባለቤቴ አትላንታ አጠገብ፣ ፒችትሪ ኮርነርስ፣ አንድ መጋዘን ውስጥ አሥራ ስምንት ዓመት ሠርቶ፣ «ከእንግዲህ ወገቤ ዕቃ አይሸከምም» ብሎ ወጣና ከስኔልቪል ወዲያ አራት ኤከር መሬት ተከራይቶ ገበሬ ሆነ። ወገቤን ብሎ ሥራ የለቀቀ ሰው ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ ጎመን ሊተክል ማለት ነው። ያውም የከተማ ልጅ ነው፤ እርሻ የሚያውቀው በአውቶቡስ መስኮት ነበር። ወዳጆቻችን ሳቁበት። «ሰው አሜሪካ የሚመጣው ከእርሻ ሊሸሽ ነው፤ አንተ ሞፈር ፍለጋ ውቅያኖስ ተሻገርክ?» አሉት። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ውስጤ ግን ፈርቶ ነበር።

እሱ ግን ሆነለት። የሐበሻ ጎመን፣ ቃሪያ፣ ቆስጣ፣ በሶብላና ጤና አዳም አበቀለ። በአራተኛው ዓመት ኖርክሮስና አካባቢዋ ያሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ማክሰኞና ዓርብ የእሱን ቫን በር ላይ ቆመው የሚጠብቁ ሆኑ። ከመጋዘን ሲመጣ ካርቶን ካርቶን ይሸት የነበረ ሰው በሶብላ በሶብላ መሽተት ጀመረ። በትዳራችን ዘመን እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

መሬቱ የአንድ ሽማግሌ አሜሪካዊ ነበር። ልጆቹ ለቤት ሠሪዎች እንዲሸጠው ሲጎተጉቱት ዓመታት አልፈዋል። ሽማግሌው ባለቤቴን ወደደውና «በየጃንዋሪው የዓመቱን ኪራይ እስከከፈልክ ድረስ ልጆቼን እኔ ዝም አሰኛቸዋለሁ» ብሎ ቃል ገባለት። የሚፈለግብን ያ ብቻ ነበር። አንድ ጃንዋሪ ካመለጠን ግን መሬቱ ሄደ ማለት ነው፤ ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ወረርሽኙ ሲመጣ ምግብ ቤቶቹ በአንድ ሳምንት ውስጥ ተዘጉ። ጎመን ደግሞ ወረርሽኝ አያውቅም። እንዲያውም በዚያ ዓመት ያማረውን ያህል በየትኛውም ዓመት አላማረም፤ ቅጠሉ ሰፍቶ፣ ዝናቡ በልኩ ዘንቦለት፣ ገዢ ሳይኖር እዚያው ቆመ። ባለቤቴ ማክሰኞና ዓርብ ሲደርስ እግሩ አላስቀምጥ ይለዋል። ስለዚህ ቫኑን እየጫነ ለቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ማደል ጀመረ። ሳጥኑን በር ላይ ያስቀምጣል፣ ደወል ይደውላል፣ ሮጦ መኪናው ውስጥ ይገባል፤ ሰዎቹ በመስኮት ይመርቁታል። ዋጋ የጠየቀው አንድ ሰው አልነበረም፣ ቢጠይቁትም አይቀበልም።

«ሰው ሥራ ባጣበት ወቅት ጎመን እንዴት ይሸጣል?» አለኝ።

እኔ ራሴ የአረጋውያን መንከባከቢያ ነው የምሠራው። በዚያ ሰሞን አንዱን ጭምብል ለቀናት እየደጋገምኩ፣ ቤት ስደርስ ልብሴን ጋራዥ ውስጥ አውልቄ ነበር የምገባው። ስለ ጎመን ለመጣላት አቅም አልነበረኝም።

የድጎማውን ነገር የነገረችን ልጃችን ናት። እዚሁ አትላንታ መሐል ከተማ ቢሮ ትሠራለች፤ ያን ጊዜ ግን ከአፓርታማዋ አትወጣም ነበር። ደወለችልኝ።

«ማሚ፣ መንግሥት በፓንደሚኩ ለተጎዱ ፋርሞች ሪሊፍ እየሰጠ ነው። ላይክ፣ ለትንንሾቹም ነው። ዳዲ ኳሊፋይ ያደርጋል። ሊንኩን ልላክልሽ፣ ፎርሙን አንቺ ሙዪው፤ እሱ ከሞላው አያልቅም።»

ባለቤቴ ፊቱን አጨማደደ። «የእርዳታ እህል የሚቀበል ገበሬ ልሆን ነው?» አለ። «ግብር የከፈልክበት ገንዘብ ነው፣ እህል አይደለም» ብዬ ዝም አሰኘሁት። ፎርሙን በምሳ ሰዓቴ፣ ፓርኪንግ ውስጥ፣ በስልኬ ለአራት ቀን ሞላሁት። ምን ያህል እንደተከለ፣ ለማን ይሸጥ እንደነበር፣ የትኞቹ ምግብ ቤቶች እንደተዘጉ ሁሉንም ጻፍኩ። የቀረው ከቢሮው አንድ ሰው ደውሎ ማጣራት ብቻ ነበር። በደህናው ጊዜ ቢሆን መጥተው ያዩ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ሁሉ ነገር በስልክ ሆነ።

እኔ ፎርሙን ሞላሁ፣ እሱ ስልኩን አነሳ።

ማታ ስገባ እጁን እየታጠበ ነገረኝ። «የቢሮዋ ሴትዮ ደውላ ነበር። ጥሩ ሰው ናት።»

«ምን አለችህ?»

«እርሻው እንዴት ነው አለችኝ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጣም ጥሩ ነው አልኳት።»

«ሌላስ?»

«ምርቱስ አለችኝ። ከአምናው ይበልጣል፣ ጌታ ባርኮታል አልኳት።»

ወንበር ሳብኩ። «ሌላስ?»

«ገበያውስ ስትለኝ ጌታ ያዘጋጃል፣ ምንም አልጎደለብንም አልኳት። አመስግና ዘጋች።»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የእሱ ራስ ከተመለጠ ቆይቷል፤ አፉ ያመለጠው ያን ዕለት ነው። «አንተ ሰውዬ፣ ለሰላምታ የደወለችልህ መሰለህ?» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና፣ የገረመው እሱ እንደሆነ ሁሉ፣ «ታዲያ ለማላውቃት ሴት የቤቴን ገመና ልዘርግፍ?» አለኝ።

ደህና አድርጌ ጮህኩበት እንጂ ነገሩ እንዴት እንደሆነ ገብቶኝ ነበር። እኛ ዘንድ ጥያቄ አንድ ጊዜ ብቻ አይጠየቅም። እንዴት ናችሁ ሲሉህ መጀመሪያ ታመሰግናለህ፤ እሱ የእግዚአብሔር ድርሻ ነው። ጠያቂው ቤተሰቡን፣ ጤናውን፣ ሥራውን ያዞርና ተመልሶ «እውነት ግን ደህና ናችሁ?» ይልሃል፤ ችግርህ የሚወጣው ያን ጊዜ ነው። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ይህ ነገር በስብከት ጠንክሯል። በምድረ በዳ ያጉረመረሙት ምን እንደደረሰባቸው ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል፤ ምስክርነት ለመስጠት ማይክ የሚይዝ ሰው ችግሩን የሚናገረው ካለፈ በኋላ ብቻ ነው። ሴትዮዋ ይህን ከየት ታውቃለች? አንድ ጊዜ ጠየቀች፣ የተባለችውን ጻፈች።

ደብዳቤው ሲመጣ መኪና ውስጥ ሆኜ ከፈትኩት። በራሳችሁ ቃል መሠረት ጉዳት አልደረሰባችሁም፣ ስለዚህ ክፍያ አይገባችሁም ይላል። መሪው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ያለቀስኩት ለገንዘቡ ብቻ አልነበረም፤ ያ ሰው ወደ መጋዘን ሲመለስ፣ ካርቶን ካርቶን ሲሸት ታየኝ።

ልጃችን ይግባኝ እንዳለ አጣርታ ነገረችን። «አፒል አድርጉ። ኦፊሱ ሲከፈት መጥተው ያያሉ» አለች። አመለከትን። በጋው ገባ። ቃሪያው ቀልቶ ረገፈ፣ ጎመኑ አበባ አወጣ። ባለቤቴ ማደሉን አቆመ፤ ለምን እንዳቆመ አልጠየቅኩትም። አንድ ጠዋት የሽማግሌውን አሮጌ ትራክተር ተውሶ ማሳውን ከዳር እስከ ዳር አጨደው። ማታ «እንዴት ዋልክ?» ስለው «እግዚአብሔር ይመስገን» አለኝ። ማጨዱን የሰማሁት ከልጄ ነው፤ እሷም በስልክ ስታወራው አምልጦት ነው የነገራት።

በዚያ ወር ሽማግሌው ደወለ። ታሞ ሰንብቷል፣ ድምፁ ደክሟል። ልጆቹ አላስቀምጥ ብለውታል፤ ኪራዩ ጃንዋሪን አንድ ቀን ቢያልፍ ሊከላከልልን እንደማይችል እየከበደው ነገረን። የእኔ ደሞዝ የቤቱን ዕዳ ከመክፈል አያልፍም። ይግባኙ ካልቀናን ሌላ በር አልነበረንም።

ሌላ በር አልነበረንም እላለሁ እንጂ ነበረን። በዚያው ሳምንት አንድ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ በየቤቱ እየደወሉ ምእመኑን ይጠይቁ ነበር፤ ለእኛም ደረሰን።

«እንዴት ናችሁ እህቴ? ልጅሽ ደህና ናት? እርሻውስ እንዴት ነው?»

«ክብር ለጌታ ይሁን፣ ሁላችንም ደህና ነን። እርስዎ እንዴት ነዎት? ጉልበትዎን ተሻለዎት?» አልኳቸው። ስለ ጉልበታቸው ብዙ አወራን። ጸልየውልን ዘጉ።

ዞር ስል ባለቤቴ ጠረጴዛው ላይ ሆኖ ያየኛል። ቢናገረኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ልምምድ ጀመርን። ልጃችን በቪዲዮ ትገባለች፣ እኔ የቢሮዋን ሴትዮ እሆናለሁ፣ እሱ ወንበር ላይ ይቀመጣል። በእንግሊዝኛ «እርሻው እንዴት ነው?» እለዋለሁ። «ደህና ነው፣ ማለቴ…» ይላል። እንደገና። «ጥሩ ነው፣ ግን ትንሽ…» እንደገና። ልጃችን ትለምነዋለች። «ዳዲ፣ ጀስት እውነቱን ተናገር። ኮምፕሌይን ማድረግ አይደለም፣ ኢንፎርሜሽን ነው።» ሰው ማማረር ያቅተዋል ብዬ አስቤ አላውቅም፤ እኔ ሳልለማመድ እችልበታለሁ። አንድ ቀን መሐል ላይ ተነሥቶ «ተዉኝ በቃ» ብሎ ወጣ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ብዬ ከኋላው ተረትኩበት።

የሚያጭደውም የሚተክለውም ሳይኖር በየጠዋቱ ወደ እርሻው መሄዱን አላቆመም። ምሳውን እቋጥርለታለሁ፣ ዕቃው ባዶውን ይመለሳል። ማታ እጠይቀዋለሁ፣ ያመሰግናል። መተኛቴን ብቻ ነበር የማስበው።

ሴትዮዋ በኖቬምበር መጣች። የጆርጂያ ቀይ ጭቃ ጫማ የሚይዝበት፣ ዝናቡ የሚያካፋበት ቀን ነበር። እኔ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ቆሜያለሁ፤ እሱ ሲሳሳት ልገባበት፣ ካስፈለገም ራሴ ልናገር ተዘጋጅቻለሁ። ወጣት ጠብቄ ነበር፤ የመጣችው ግን የእኔ እኩያ፣ ቦት ጫማ ያደረገች፣ ጭምብሏ አበባ አበባ ያለበት ሴት ናት። በስልክ ያናገረችው ራሷ ናት።

«ባለፈው ሁሉም ጥሩ ነው ብለውኝ ነበር። እኔም ያሉኝን ነው የጻፍኩት» አለችው። ወቀሳ አልነበረበትም። ቀጥላም «ዛሬስ እንዴት ነዎት?» አለችው።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» አላት።

አፌን ልከፍት ስል ሴትዮዋ አለመጻፏን አየሁ። ብዕሯን እንደያዘች የታጨደውን ማሳ ታያለች። ደረቁ የጎመን ግንድ መስመር መስመሩን ይዞ እስከ ኩሬው ድረስ ይታያል። ረጅም ጊዜ አየችውና ወደ እሱ ዞረች።

«እውነት?» አለችው።

ባለቤቴ በዚያ በማልወድለት የመጋዘን እንግሊዝኛው፣ ድምፁን ከፍም ዝቅም ሳያደርግ ተናገረ። «አይደለሁም» አላት። «የሚገዛኝ ጠፋ። ለሰው ሰጠሁት፣ ሰዉም ሰለቸው፤ ሳጥኑን በሩ ላይ ሳይነካው ማግኘት ጀመርኩ። በእጄ የተከልኩትን በትራክተር አጨድኩት። ሚስቴ የምትቋጥርልኝን ምሳ ለባለመሬቱ ሽማግሌ ውሻ ነው የምሰጠው፣ አይወርድልኝም።» ከኩሬው በላይ ወዳለው ዳገት በአገጩ አመለከተ። «ትራክተሩን እዚያ አውጥቼ መሪውን ብለቀውስ እላለሁ። በየቀኑ እላለሁ። ለዚህ ነው ቁልፉን ለሽማግሌው የመለስኩት።»

ዝናቡ ሲያካፋ ይሰማል። ሴትዮዋ ብዕሯን ኪሷ ውስጥ ከተተች።

«ይሄኛውን የምጽፍበት ቦታ ፎርሙ ላይ የለኝም» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ያውቁ ነበር?»

አላውቅም ነበር። ራሴን ግራና ቀኝ ነቀነቅኩ።

የእኔ ሥራ ምን እንደሆነ ነግሬያችኋለሁ። በየክፍሉ እየገባሁ ሰዎቹን ዛሬ እንዴት ነዎት፣ ምሳ በልተዋል፣ ምን ያህሉን በሉ ብዬ የምጠይቅና የምመዘግብ ሰው ነኝ። ግማሹን የተወ ካለ ለነርሷ እናገራለሁ። የባለቤቴን የምሳ ዕቃ ግን በየማታው ባዶውን አጥቤ አስቀምጥ ነበር። ያችን ሴትዮ አንድ ጊዜ ጠይቃ ጻፈች ብዬ ስንት ወር ረገምኳት። እኔስ? በየማታው ጠይቄ፣ በየማታው እግዚአብሔር ይመስገን ተብዬ፣ ፋይሉን ዘግቼ ስተኛ አልነበረም? አፈርኩ። እስከ ዛሬም አፍራለሁ።

ሴትዮዋ ማሳውን ለካች፣ ፎቶ አነሣች፣ የጉዳቱን ፎርም ሞልታ አስፈረመችው። ስትሄድ ለእኔ ካርድ ሰጠችኝ፤ የጭንቀት ሐኪም ስልክ ነበረበት። መኪናውን እኔ ያዝኩ። ዋናው መንገድ ላይ ስንወጣ «እንዴት ነህ?» አልኩት።

«እግዚአብሔር…»

«እሱን አይደለም የጠየቅኩህ» አልኩት።

ስኔልቪል ደረስን። አንድ ቀይ መብራት ላይ ስንቆም ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነና እንደ ሕፃን አለቀሰ። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፣ ከኋላችን ያሉት ጡሩንባ ነፉ፣ እኔ ግን አልነዳሁም።

ድጎማው ተፈቀደ። ደብዳቤው የመጣው ግን በፌብሩዋሪ ነው። ጃንዋሪ አልፎ፣ የሽማግሌው ልጆች ፈርመው፣ መሬቱ ሄዷል። የመጣው ገንዘብ ለመሬቱ አልደረሰም፤ ለሐኪሙ ደረሰ። እዚያ አሁን ግራጫ ቤቶች ተደርድረዋል፤ በዚያ በኩል መሄድ ሲያስፈልገን ዙሪያውን እንሄዳለን። ባለቤቴ ወደ መጋዘን ተመልሷል፣ በር ላይ ተቀምጦ የሚገባና የሚወጣ ዕቃ ይቆጣጠራል። ካርቶን ካርቶን ይሸታል። ተሽሎታል ብዬ ልጨርስላችሁ ብችል ደስ ይለኝ ነበር። አንዳንድ ቀን ይሻለዋል፣ አንዳንድ ቀን ያስፈራኛል።

ከሥራ ሲገባ እጠይቀዋለሁ፤ ያመሰግናል። እኔም አሜን እላለሁ፣ ምሳ ዕቃውን ከፍቼ አያለሁ፣ ከዚያ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ «እውነት ግን?» እለዋለሁ። ትናንት ቶሎ አልመለሰልኝም። እኔም ከወንበሬ አልተነሣሁም፤ እራቱ ቀዘቀዘ።